በወይራ የታጠነው በርሜል

የጀመርኩትን ጥዬ ለመሄድ ምክንያት የማላጣ ሰው ነኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ያስጨረሱኝ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ዛሬም ባሰብኳቸው ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ።

ጥናቴ ከቢራ ፋብሪካ በሚወጣ አተላ ላይ ነበር። ለከብት ከሚሄደው ጥቂት እየለመንኩ፣ ዘረመሉ በተለወጠ እርሾ አብላልቼ ለነዳጅ የሚሆን አልኮል ማውጣት ነበር ሐሳቤ። እርሾው በትንሿ ብልቃጥ ሲፈላ ደስ ይላል። ወደ ብረት በርሜሉ ሳዛውረው ግን ጸጥ ይላል። ሁለት ጊዜ ሞተብኝ። የቀረኝ አንድ ብልቃጥ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሞተ ትምህርቴን ላቋርጥ ደብዳቤ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

የመጨረሻውን ብልቃጥ ከፍቼ በርሜሉ ላይ ላፈስ ስል፣ ቤተ ሙከራውን የሚያጸዱት፣ ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከጠዳ የሚመላለሱት እትዬ፣ መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው መጡ።

«ቆይ ልጄ፣ አትጨምሪው። በርሜሉን እኔ ነኝ ያጠንሁት።»

የአተላው ክርፋት አስጠልቷቸው፣ እኔ በወጣሁ ቁጥር በርሜሉን በግራዋ ቅጠል ፈትገው ያጥቡና በወይራ ጭስ ላይ ይደፉት ነበር። ለጠላ ጋናቸው የሚያደርጉትን ሁሉ አደረጉለት። የእሳቸው የጠላ እርሾ ጭሱን ለምዶታል፤ የእኔው ቅምጥል ግን አልቻለውም። እኔም ሽታውን ሽሽት አፍንጫዬን ሸፍኜ ስለምሠራ ወይራው አልሸተተኝም።

አልዋሽም፣ ተናድጄ ነበር። ከዚያ ግን ይህን መናገራቸው ምን ሊያስከፍላቸው እንደሚችል ገባኝ። የኮንትራት ሠራተኛ ናቸው፤ ይህ ከተሰማ እንጀራቸው ነው የሚቋረጠው። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

«ምነው እስካሁን ዝም አሉኝ?» አልኳቸው።

«ፈርቼ። ትናንት ያን ወረቀት እያነበብሽ ስታለቅሺ ጊዜ ግን አልቻልሁም።»

ሌላ በርሜል ፈልገን የመጨረሻውን ብልቃጥ እዚያ ገለበጥኩት። በሦስተኛው ቀን አረፋው እስከ አፉ ደረሰ። አልኮሉን በእንፋሎት አንጥሬ በሳህን ላይ ጠብ አደረግኩና ክብሪቱን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ሰማያዊ ነበልባል ተነሣ። እትዬ ዕድሜ ልካቸውን ጭስ የበላውን ዓይናቸውን አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ሸጋ ነው፤ ጭስ የለውም» አሉ።

ደብዳቤውን ቀደድኩት። አማካሪዬ ሁለቱ ሙከራዎች ለምን እንደከሸፉ ሲጠይቁኝ፣ በርሜሉን በደንብ ሳላጥበው ቀርቼ ነው አልኩ። ከዚያ በርሜል የበለጠ የታጠበ ዕቃ ጎንደር ውስጥ እንዳልነበረ የምናውቀው እኔና እትዬ ብቻ ነን።