ነጭናጬና ትንሿ ዓሣ

ሰፈሩ "ነጭናጬ" የሚለው ዓሣ አጥማጅ መረቡ የያዘለትን ትንሽ ትልቅ ሳይል ሁሉንም ወደ ቤቱ ያግዝ ነበር። ሚስቱ "ኧረ ተው፣ ገና ጨቅላ እኮ ናቸው!" ስትለው፣ "እኔ ብተዋቸው እነዚያ የባዕድ መርከቦች ጠራርገው ይወስዷቸዋል! ነዳጃቸውን መንግሥታቸው እየደጎመላቸው ምን ገዷቸው!" ይላል።

አገሮች ይህን ድጎማ ለማስቀረት መደራደር ሲጀምሩ ሴት ልጁ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ እነሱ ሳይስማሙ እሷ አግብታ ወለደች። ዘንድሮ በስንት መከራ ተስማሙ። ድጎማው ሲቀር መርከቦቹም ቀሩ።

ዛሬ ጠዋት ነጭናጬ ባሕሩን ከዳር እስከ ዳር ቢቃኝ አንድም መርከብ አጣ። እፎይ አለ። ከመረቡም ጣት የምታህል ዓሣ አንስቶ፣ ኮስተር ብሎ አያት።

"ሂጂ፣ ወላጅ ይዘሽ ነይ!" ብሎ ወደ ውሃው ለቀቃት።