ስፓኒሽ በወንፈል

ሸዋ ሮቢት ከሰዓት በኋላ እንኳን ማስተማር፣ ዝም ብሎ መቀመጥም ሥራ ነው። ልጆቹ ደብተራቸውን ማራገቢያ ያደርጉታል፤ እኔም አልቆጣም፣ ደክሞኛል። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀረኝ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ግን ማንም ሳያዘኝ ስፓኒሽ አስተምራለሁ፤ የሚማር ከተገኘ።

በደርግ ጊዜ፣ በልጅነታቸው ወደ ኩባ ከተላኩት አንዱ ነኝ። ጺሜ የበቀለው እዚያ ነው። መጀመሪያ የተጣላሁትም፣ መጀመሪያ የወደድኩትም በስፓኒሽ ነው። አብረውኝ ከተመለሱት አንዳንዱ ሞተ፣ ሌላው ተበተነ፤ ቋንቋ ደግሞ ካልተናገሩት ይሄዳል። በቅርቡ ማንኪያ በእጄ ይዤ የስፓኒሽ ስሙ ጠፋኝና ምሳዬ ሳይበላ ቀዘቀዘ። ስለዚህ ተርጓሚ ላፈራ አልነበረም የተነሳሁት። ሳልሞት የሚያናግረኝ አንድ ሰው ነበር የምፈልገው።

ልጆቹን ለማነሳሳት ያልሞከርኩት የለም። በስፔን ኳስ ጀመርኩ፤ ክፍሉ ጢም አለ። ግስ ማርባት ስንጀምር፣ “ቲቸር፣ ኳሱን እኮ በአማርኛም እናየዋለን” ብለው ወጡ። ዘፈን አመጣሁ፤ ዘፈኑን ስልካቸው ላይ ጭነው ሄዱ። አንዷማ ፊት ለፊት፣ “አረብኛ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ሳውዲ ላይ ስፓኒሽ ማን ይሰማናል?” አለችኝ። በዚህ ቆላ ወደ ሳውዲ ሰው ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነው። የእንግሊዝኛው መምህር “የሰው ወርቅ አያደምቅ” እያለ ይቀልድብኛል። እውነትም ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ።

በመጨረሻ አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ልጅ ብቻ ቀረችኝ። ምላሷ ፈጣን ነው፣ ስትሳሳትም አታፍርም። የሽንኩርት አረም ሲደርስ እሷም ጠፋች። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ማሳቸው በባጃጅ ሄድኩ። አባቷ ጎንበስ ብለው እያረሙ ነበር።

“መምህር፣ ሰው የለኝም። አረሙ ሽንኩርቱን ሊውጠው ነው” አሉኝ።

“እንግዲያው በወንፈል ይሁን” አልኳቸው። “ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እዚህ መጥቼ አርማለሁ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እሷ እኔ ጋ መጥታ ትማራለች።”

ሳቁብኝ። ወንፈል ከተባለ ግን የዚህ አገር ገበሬ አይቀልድም፤ የሰው ጉልበት ተቀብሎ በጉልበት አለመመለስ ነውር ነው። ተስማሙ።

ወገቤ ተቆረጠ። ልጅቷ ግን ማክሰኞ አትቀርም፤ ቅዳሜም እያረምን በስፓኒሽ እንጨዋወታለን፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ እየሰባበረች ትመልሳለች። አንድ ቅዳሜ አረም መስሎኝ ሽንኩርቱን ስነቅል አይታ በስፓኒሽ ተቆጣችኝ። ኩባን ከለቀቅሁ ወዲህ በዚያ ቋንቋ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም። ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ፤ አቧራ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ሳይደርስ ሄደች። ከጓደኞቿ ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ መንገድ መጀመሯን የነገሩኝ ተማሪዎች ናቸው። ለእኔ ትንፍሽ አላለችም፤ ለወላጆቿም እንደዚያው። ተናደድኩ፤ ከዚያ ፈራሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ግን ልማድ ነውና ባዶው ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ።

አባቷ መጡ። ሽርጣቸውን ሰብስበው የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

“የቅዳሜው ጉልበትዎ እኛ ላይ ነው” አሉ። “ልጅቷ ሳትመልስ ሄደች። እኔ ልመልስ ነው የመጣሁት።”

“ኧረ ይተዉት፣ እኔ ትቼዋለሁ።”

“የሰው ላብ ሐራም ነው፣ መምህር። ያስተምሩኝ።”

ሌላ የማደርገው ጠፍቶኝ ሰላምታውን አስጀመርኳቸው። ከአፌ እየተቀበሉ ደገሙ። እንደዚያ ትንሽ ከሄድን በኋላ አቋረጡኝ።

“ትናንት ከጅቡቲ ደውላ ነበር” አሉ። “ባሕሩን ገና አልተሻገሩም። ተመለሺ ብዬ ለመንኳት፣ እናቷም ለመነቻት። ወላሂ አልሰማችንም። በእርስዎ ቋንቋ ‘ተመለሺ’ እንዴት ነው የሚባለው?”

በዚያ ክፍል ስንት ዓመት ቆሜ፣ አንድ ቃል እንደዚህ ፈልጎ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም።

“ቡዌልቤ” አልኳቸው።

ከንፈራቸው አልታዘዝ አለ። ደጋግመው ሞከሩ፤ ያዙት። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ አልተነሳም። እንደገና ደወሉና ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

“እስክታነሳ እንዳይጠፋኝ፣” አሉ፣ “ደግመው ደግመው ይበሉልኝ።”