ሳላያት የመሰከርኩላት ጎል

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳስር፣ ታናሽ ወንድሜ ጌትነት ሁለት ጓደኞቹን ይዞ በባጃጅ መጣ። ልጁ ሰላማዊት ለደብረ ማርቆስ የሴቶች ቡድን ትጫወታለች። የዚያን ቀን ከሮብ ገበያ ከመጡ ልጆች ጋር ግጥሚያ ነበራቸው። ጨዋታው የሚጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጌትነት ሲመጣ ገና ሰባት ተኩል ነበር።

"ጋሼ፣ ግባ እንሂድ" አለኝ። "ጊዜ አለን። እትዬ ይታይሽ ቤት አንድ አንድ ብለን እንወጣለን።"

ይህቺን "አንድ አንድ ብለን" የምትባል ነገር ስሰማ ቆሽቴ ያርራል። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድ አንድ ብሎ በአንድ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። እትዬ ይታይሽ እንኳ ካረፉ ስንት ዓመታቸው! ቤቱን ልጃቸው ይዛዋለች፤ የፕላስቲክ ወንበርና ቴሌቪዥን አስገብታበታለች። ሰዉ ግን አሁንም በእሳቸው ስም ይጠራዋል፣ አሁንም ከኳስ በፊት ካልገባበት አይሆንለትም።

"አልሄድም። በእግሬ ቀጥታ ሜዳ ነው የምወርደው" አልኩት።

"ሽማግሌው ዛሬም ተነሣበት" አለ አንደኛው ጓደኛው፣ በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት። ጌትነት ግን አልሳቀም። ትንሽ አየኝና "ይሁን ጋሼ፣ እዚያው እንገናኝ" አለ። ባጃጇ አቧራዋን አልብሳኝ ሄደች። እኔም እየተነጫነጭኩ ቁልቁል ወደ ሜዳው ጀመርኩ፤ እየሄድኩም ያንን የድሮውን እሑድ አስታወስኩ።

ያኔ እኔ ሃያ ሦስት፣ ጌትነት አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። እኔ ወፍጮ ቤት እሠራለሁ። እሱ በክንፍ በኩል ይጫወታል፤ ግራኝ ስለሆነ ኳስ ሁሉ በግራ እግሩ ነው። ለሰፈራችን ቡድን ዋና ተሰላፊ ሆኖ አያውቅም ነበር። አንድ ዓርብ ግን ከነባሮቹ አንዱ ታመመና፣ እሑድ ከደጀን ቡድን ጋር ለሚደረገው ግጥሚያ ጌትነት እንዲገባ ተነገረው። ሁለት ሌሊት አልተኛም። አባታችን ኳስን የሥራ ፈት ነገር አድርገው ነው የሚያዩት፤ ወሬውን ሲሰሙ ምንም ሳይናገሩ በቅሏቸውን ጭነው ደብረ ኤልያስ ወዳለው እርሻቸው ሄዱ። እናታችን የዚያን ዕለት ጎረቤት ማኅበር ነበረባት። ቤተሰብ ነኝ ብሎ ሜዳ የሚወርድለት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሑድ ጠዋት ልብሴ ላይ የቀረውን ዱቄት ሳራግፍ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

"ጋሼ፣ ከጎሉ ኋላ ቁምልኝ። አንተን ካየሁ እግሬ አይርድም።"

"እቆማለሁ።"

"ቃልህን ስጠኝ።"

"ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ምን ትጨቀጭቀኛለህ!" አልኩት። እኔ ነኝ እንግዲህ እንዲህ ያልኩት።

ሰባት ተኩል ላይ አብሮኝ ወፍጮ ቤት የሚሠራው አዳሙ መጣና "አንድ አንድ ብለን እንውረድ" አለኝ። ሄድኩ።

የእትዬ ይታይሽን ጠላ ቤትና ኳስ ሜዳውን የሚለያቸው አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ነበር። ያጠፋንም ይኸው ቅርበቱ ነው። ሩቅ ቢሆን በጊዜ እንነሣ ነበር፤ ቅርብ ስለሆነ ሁላችንም ፊሽካው ሲነፋ ሰምተን የምንደርስ ይመስለናል። በደጁ ረጅም እንጨት ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ውስጡ ዙሪያውን መደብ ነው። እትዬ ይታይሽ ከእንስራው ሲቀዱ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሱና ነው የሚሰጡት። የጌሾው ምሬት ጉሮሮ ላይ ቆይቶ ነው የሚሄደው። ከሮብ ገበያ የመጣ ድንች ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ትኩስ ትኩሱን ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ጥር ላይ፣ የጮቄ ነፋስ ውጭ ሲያፏጭ፣ ከዚያ ቤት መውጣት እንዴት እንደሚያስጠላ ልዋሽ አልችልም። እወደው ነበር። አሁን የሚያናድደኝም ይኸው መውደዴ ነው።

ከዚያ ደግሞ የቤቱ ሥርዓት አለ። ትልቅ ሰው በገባ ቁጥር አሥራ አምስት ሰው ጣሳውን ይዞ ይነሣል፤ "ኖር!" ይላል። የገባው ሰው "በእግዚአብሔር! በእግዚአብሔር! ኧረ ተቀመጡ" ይላል። "የለም እርስዎ እዚህ"፣ "የለም እኔ እዚያ" ሲባል ይቆያል። ቦታ ተለዋውጠን ገና ስንቀመጥ ሌላ ትልቅ ሰው ይገባል። ሰው ማክበርን አልጠላም፤ ግን በግጥሚያ ቀን እንኳ ተቀምጠን ብንቀበላቸው ምን ነበረበት?

ከሁሉ የሚብሰው ግን የአለቃ ፈንቴ ምርቃት ነበር። አለቃ የቅኔ ተማሪ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ኳስ ሜዳ ረግጠው አያውቁም፤ ሃያ ሁለት ሰው አንድ ነገር የሚያባርርበት ምክንያት እንዳልገባቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ነገር ግን አንድ ጊዜ እሳቸው ሳይመርቁ ሰው ተነሥቶ ሄደና ቡድናችን አራት ለባዶ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ምርቃቱ ሳያልቅ የወጣ ሰው የሽንፈቱ ባለቤት ነው። አለቃ ደግሞ ሦስተኛውን ጣሳ ሳይጨርሱ አይመርቁም፣ ለመጨረስም አይቸኩሉም።

የዚያን ቀን የተነሡት ስምንት ተኩል አልፎ ነው። ሁላችንም ቆመን ባርኔጣ አወለቅን። እትዬ ይታይሽን መረቁ፣ እንስራውን መረቁ፣ አዝመራውን መረቁ፣ የታመመውን ተጫዋች መረቁ። ቀጥለው ወደ ተሰላፊዎቹ መጡ። እያንዳንዱን በክርስትና ስሙ ነው የሚጠሩት፤ በዓለም ስም መመረቅ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ መላክ ነው ይሉ ነበር። አሥሩን በቃላቸው ያውቋቸዋል። አሥራ አንደኛው ላይ ቆሙ።

"የዚህ የአዲሱ ልጅ ስሙ ማን ነው?"

"ጌትነት" አልኩ።

"የክርስትና ስሙን ነው የጠየቅሁ።"

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ክርስትና ሲነሣ አራት ዓመቴ ነበር፤ ውሃው ሲነካው እንዴት እንዳለቀሰ አስታውሳለሁ፣ ስሙን ግን አላስታውስም። እናታችን ብቻ ናት በጸሎቷ የምትጠራው።

"አለቃ፣ ዝም ብለው ይመርቁት፣ እግዜር ያውቀዋል" አልኳቸው።

"እግዜርማ ያውቀዋል፤ እኔ ነኝ የማላውቀው" አሉ።

አንዱን ስም ብጠራ ምን ነበረበት? ገብረ ማርያም ብል ማን ይፈትሸኛል? ምርቃት ላይ መዋሸት አስፈራኝ። በዚያው ቀን ሌላውን ውሸት ስዋሽ ግን ምንም አልፈራሁም።

እየሮጥኩ እናታችን ያለችበት ማኅበር ቤት ደረስኩ። ሴቶቹ ተሰብስበዋል።

"እማዬ፣ የጌትነት የክርስትና ስም ማን ነው?"

"አረግ! የወንድምህን ስም? ምነው ሸጋዬ፣ ምን ነካህ? ገብረ ሚካኤል ነው እንጂ!"

ዞሬ ልወጣ ስል ሴቶቹ በሩን ያዙ። የማኅበር ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣት የለም። "በሞቴ!" አለች አንዷ፤ "እኔን አፈር ይብላኝ!" አለች ሌላዋ። የሰጡኝን ዳቦ በሁለት ጉርሻ አግበስብሼ፣ እየታነቅሁ ወጣሁ።

መንገዱ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ በቀኝ ሜዳው ነው፣ በግራ ጠላ ቤቱ። እዚያ ስደርስ ፊሽካ ተነፋ። ጨዋታው ተጀመረ ማለት ነው። እስከ ዛሬ በዚያ ዋርካ ሥር ባለፍኩ ቁጥር ራሴን በቡጢ መምታት ያምረኛል፤ ምክንያቱም በግራ ታጠፍኩ። አሥራ አምስት ሰው ባርኔጣውን አውልቆ እኔን ይጠብቃል፣ ወንድሜም ብቻውን ሳይመረቅ ሊቀር ነው ብዬ አሰብኩ። እሱ የጠየቀኝ ግን ምርቃት አልነበረም። ከጎሉ ኋላ ቁምልኝ ብቻ ነው ያለኝ።

እንደቆሙ አገኘኋቸው። "ገብረ ሚካኤል!" አልኩ ቁና ቁና እየተነፈስኩ። አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ካቆሙበት ይቀጥላሉ ስል፣ ሐሳቡ ተቋርጧል ብለው ከእንስራው ጀመሩ። እንደገና አዝመራው፣ እንደገና የታመመው ልጅ፣ እንደገና አሥሩ ስም በየተራ። በመጨረሻ "ለገብረ ሚካኤልም እርምጃውን ያቅናለት" አሉ። "አሜን!" ስንልና ከባሕር ዛፉ ማዶ ሜዳው በጩኸት ሲናጋ አንድ ሆነ።

እትዬ ይታይሽ እልል አሉ። አዳሙ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። አለቃ ነጠላቸውን አስተካክለው "ይኸው" አሉ፣ ጎሉን ራሳቸው እንዳገቡት ሁሉ። እኔ ጣሳ ገልብጬ ወጣሁ።

አጥሩ አጠገብ አንድ ሰው "ያንተ ወንድም ነው ያገባት!" ብሎ ጮኸብኝ። ጌትነትን ከመስመሩ ውጭ ሣሩ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ከበረኛው ጋር ተጋጭቶ ነበር። ግራ ጉልበቱ አብጧል፤ ግንባሩም ደም ነበረው፣ ሲወድቅ የተጫረ መሰለኝ። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"ጋሼ፣ አየሃት?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ "አየኋት!" አልኩት። "ከጎሉ ኋላ ቆሜ! በግራህ እንዴት አድርገህ ሰደድካት!"

ዝም ብሎ ፊቴን አየኝ። ጠላ ጠላ ሳልሸት አልቀርም።

"አዎ" አለ ቆይቶ። "በግራዬ።"

ዝምታውን ከሕመሙ ቆጠርኩት። ጉልበቱ አልዳነም፤ ከዚያ በኋላ ግጥሚያ አልተጫወተም። ያቺ ጎል የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሆነች። ዓመት በመጣ ቁጥር፣ ሠርግ ላይም ሆነ ጾም ሲፈታ፣ "በግራዬ ነው የላክኋት፣ ጋሼ ከጎሉ ኋላ ቆሞ አይቷታል፣ ይመስክር" ይላል። እኔም እመሰክራለሁ። በየዓመቱ አንድ ነገር እጨምርላታለሁ፤ አንዴ ነፋሱን፣ አንዴ የበረኛውን አወዳደቅ። ሰላማዊትም ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰማችው ይህንኑ ነው።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ከጌትነት ጋር ከአዲስ አበባ ስንመለስ አውቶቡሱ ለምሳ ደጀን ቆመ። ሳሙና ልንገዛ አንድ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ሰይድ የሚባል ሰው ነው፤ ጌትነትን ትኩር ብሎ አይቶ ከባንኮኒው ዘሎ ወጣ።

"አንተ ያ ልጅ አይደለህም እንዴ? ወላሂ ነህ! ያን ቀን በረኛው እኔ ነበርኩ። ያቺን በግንባርህ የገጨሃትን መቼም አልረሳትም!"

እኔ ጥልቅ አልኩ። "ወንድሜ በግራው ነው ያገባት!" አልኩት። "ከጎሉ ኋላ ቆሜ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ምን ሰው ነህ አንተ?"

ሰይድ ሳቀ። "አንተ ከኋላ ነበርክ፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ" ብሎ አፉን ከፍቶ አሳየኝ። ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሉም። "የወንድምህ ግንባር ነው የወሰዳቸው።"

ወደ ጌትነት ዞርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ በደንብ አየኋት። የሳሙናውን መጠቅለያ እያገላበጠ ያነባል።

"ጋሼ ያለው ነው ልክ" አለ ቀና ሳይል። "በግራዬ ነው።"

እስከ ማርቆስ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ልጁ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጉልበቱ እንዲያ አብጦ፣ ታላቅ ወንድሙ ሰው መሐል ውሸታም እንዳይባል ብሎ ያለችውን አንዲት ጎል ቀየራት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የእኔን ጎል ሲያወራ ኖረ። አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩበት፤ ምናለ ያኔውኑ "ዋሽተሃል" ብሎ ቢሰድበኝ? ይህ ሁሉ ይሉኝታ ለማን ይጠቅማል? ግን እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ደፍሬ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ባለፈው እሑድ ሜዳው ስደርስ መስመር የሚያሰምረው ሰውዬ ኖራውን ገና እየነሰነሰ ነበር። ከጎሉ ኋላ ቆምኩ። ሰላማዊት ከቡድኗ ጋር ስትገባ አይታኝ እጇን አወዛወዘች፤ ከዚያ አሠልጣኙ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ጌትነትና ጓደኞቹ የደረሱት ጨዋታው ግማሽ ሊሆን ሲል ነው። "ምን አመለጠን?" አለኝ። ሁለተኛው ግማሽም አለቀ፣ ልጅቷ አልገባችም።

"አጎቴ፣ በከንቱ ደከምክ፤ ምንም አላየህም" አለችኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

"ማን አለሽ? ጫማሽን ስድስት ጊዜ ፈተሽ አሰርሽ። አሠልጣኙ ወደ አንቺ በዞረ ቁጥር ሹራብሽን ልታወልቂ ትጀምሪያለሽ። ሦስተኛው ላይ አንድ እጅሽን አውጥተሽ ነበር።"

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ወደ አባቷ ዞራ "እውነቱን ነው?" አለችው።

"ጋሼ ያለው ነው ልክ" አለ ጌትነት።

እሷ ልብሷን ልትቀይር፣ ጓደኞቹም ወደ ባጃጁ ሲሄዱ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ነፋሱ ኖራውን ከመስመሩ ላይ እያነሣ ይወስዳል።

"ጌትነት፣ አላየኋትም" አልኩት።

"አውቃለሁ ጋሼ።"

ግንባሩን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገ፣ ባዶውን ጎል ትንሽ አየና "ሸጋ ጎል ነበረች" አለ።

"እስቲ እንዴት እንደገባች ንገረኝ" አልኩት።