በብሎን የታሰረው የሰርቨር መደርደሪያ

ድንበር ተሻግሬ ቡላኦስ ሰፈር ካለው የብረት ሥራ ቤት የገባሁ ዕለት ባለቤቱ ሁሴን የብየዳ መነጽር ሰጠኝና «ድሬዳዋ በር ትሠራ ነበር አሉኝ። እዚህም በር ነው፤ ሙቀቱ ብቻ ይለያል» አለኝ። እሱም ድሬዳዋ ስላደገ በአማርኛ ነበር የምንግባባው። ለዓመታት በርና የመስኮት ፍርግርግ ብቻ ሠራሁ።

አንድ ቀን እዚያው ከተማ አምቡሊ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ኃላፊ፣ ማዳም ሮዳ፣ መጡ። በሶማልኛ ነው የሚያወሩት፤ ከድሬዳዋ ጀምሮ ጆሮዬ ለምዶታልና ይገባኛል። በስልካቸው የትንሽ ሰርቨር መደርደሪያ ንድፍ አሳዩን። ነዳፊዎቹ ማንም ወስዶ እንዲሠራው በነፃ የለቀቁት ነው። አካሉ ከቱቦላሬና ከላሜራ ክፍል በክፍል ይገጣጠማል፤ ሙቀት የሚያስወጣው ፋን ያለበት መሳቢያ በአራት ብሎን ብቻ ይታሰራል። የታካሚዎቻቸው መዝገብ በሙሉ ያለው በዚያ ሰርቨር ላይ ነው።

እሳቸው እንደወጡ ሁሴን «በይደው» አለኝ።

«ንድፉ በብሎን ነው የሚለው እኮ።»

«በብሎን ካሰርከው ማንም ይፈታዋል። ከተበየደ ሲበላሽ እኛኑ ይጠራሉ። ደግሞ ክሊኒኩ ከኤርፖርቱ ሥር ነው፤ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ብሎን ይላላል።»

የመጨረሻዋ ነገር ልክ ስለነበረች እንዳይላላ ለየብሎኑ ድርብ ዳዶ አጠበቅሁለት። አልበየድኩም ግን። ግትር ነኝ፤ ንድፍ ከተሰጠኝ ንድፉን ነው የምሠራው። ሁሴን ያወቀው ስናስረክብ ነው። መኪና ውስጥ ስንገባ «ወላሂ፣ በብሎኖችህ የተነሳ ከተጠራሁ መነጽሩን ትመልሳለህ» አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ የወጣው በእሱ በኩል ስለነበር ዛቻው ቀላል አልነበረም።

የሙቀቱ ወራት ገቡ። ነፋሱ አቧራውን ይዞ በተነሳበት ቀን ስልክ ተደወለ። ሁሴን አዳምጦ «ፋኑ ቆሟል፤ ሰርቨሩ እየጋለ ነው» አለኝ። መቁረጫውንና መበየጃውን ጭነን ወጣን። መንገዱ ተዘጋግቷል። እሱ ጡሩምባ እየነፋ ይነዳል። እኔም ብሎኖቼን በሐሳቤ እያጠበቅሁ ሄድኩ። ፈርቼ ነበር።

ስንደርስ ማዳም ሮዳ ሁለት የብሎን መፍቻ ቁልፍ ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መሳቢያውን ፈትተው፣ ስናስረክብ የሰጠናቸውን ትርፍ ፋን ገጥመው መልሰው እያሰሩ ነው። ሰርቨሩ ይሠራል።

«ብሎኑ ላልቶ ነው?» አላቸው ሁሴን።

«ኧረ እንዲያውም ስፈታው እጄ ተላጠ! ፋኑን የገደለው አቧራ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጠበቁንም?»

«ብጠብቃችሁ ይቃጠልብኝ ነበር።»

ሁሴን በእጁ የያዘውን መቁረጫ አየት አደረገ። ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ «ብየዳ ቢሆን ገና አሁን መቁረጥ እንጀምር ነበር» አለ። መነጽሩን አልጠየቀኝም።

ድርብ ዳዶውን ማዳም ሮዳ ፎቶ አንስተው ለነዳፊዎቹ ላኩላቸው። አሁን ንድፉ ላይ አለ፤ ደስ ይለኛል።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፤ የምታስረክቡትን ዕቃ እናንተ ሳትደርሱ ሌላ ሰው ሊፈታው እንዲችል አድርጋችሁ ሥሩት።