ባሕር ላይ ማንም አይታመምም

ኦድኒ በመርከባችን ላይ በሠራችባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት ባሕሩ በተናወጠ ቁጥር አስታውካለች። ይህን የምናውቅ ጥቂቶች ነበርን፤ አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። እኛ የሰሜን ጠረፍ ሰዎች አባታችንም አያታችንም ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ለእኛ ባሕር ያዘኝ፣ አስታወከኝ ማለት ሱሪዬ ላይ ሸናሁ ከማለት አይሻልም።

ኦድኒን አባቷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ጊዜ በጀልባው ይዟት ወጣ። ስታስታውክ አይቶ፣ "ይቺ የእኔ ልጅ አይደለችም፤ ከገበሬ ቤት ተለውጣ የመጣች ናት" እያለ ለመንደሩ ሲያወራ ከረመ። ሁለተኛ ጀልባውን አላስረገጣትም። እሷም እልህ ይዟት በሃያ ስምንት ዓመቷ መርከብ ላይ ተቀጠረች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ደግሞ ቤቴ የምትለው ይህንኑ መርከብ ብቻ ነው። በእረፍት ሳምንቷ እንኳ እህቷ ዘንድ ሆና "ዛሬ የት ደረሳችሁ?" እያለች ስልክ ትደውልልኝ ነበር።

ሥራዋ የመንገደኞችን ክፍል ማጽዳት ነው። መርከቡ ከደሴቶቹ ከለላ ወጥቶ ገላጣው ባሕር ውስጥ ሊገባ ሲል ግን ሌላ ሥራ ነበራት፤ ማንም አላዘዛትም። በየኮሪደሩ ከእጅ መደገፊያው ጀርባ የማስታወኪያ ከረጢት ትሸጉጣለች። እኔ የምግብ አስተናጋጅ ነኝ፤ የጠረጴዛ ልብሶቹ ላይ ውሃ እንዳርከፈክፍ እየተቆጣች ታዘኛለች፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሳህን አይንሸራተትም። ከዚያ ፊታቸው አመድ የመሰለ መንገደኞችን እየፈለገች ትሰበስባለች። ከፊት በኩል ባለ ትልቅ መስኮት ክፍል የያዙትን ሀብታሞች፣ "ተነሱ፣ ተነሱ፤ መስኮት አያድናችሁም" ብላ ወደ ታች፣ ወደ መርከቡ ወገብ ታወርዳቸዋለች። እዚያ መወዛወዙ ቀለል ይላል። ፍራሽ አንጥፋ በጀርባቸው ታስተኛቸዋለች፤ ደረቅ ስስ ቂጣ በጨው ታጎርሳቸዋለች። በመሃል ጥፍት ትልና ፊቷን ታጥባ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ትመለሳለች። ምን ልታደርግ እንደሄደች አውቃለሁ። እኔም የምሄደው እዚያው ነው።

ባለፈው የካቲት ፕሬበን የሚባል የመስተንግዶ ኃላፊ መጣልን፤ ከደቡብ፣ ከከተማ ሆቴል። ክፉ ሰው አልነበረም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ንዴቴ ስላልበረደ አልጽፈውም።

ከኦሌሱንድ ወደብ ከመነሳታችን በፊት ሠራተኛውን ሁሉ በምግብ አዳራሹ ሰበሰበን። አሥራ ስምንት ነበርን። ካፒቴናችን አርንፊንም ጥግ ይዞ ቡናውን ይጠጣ ነበር።

"ኮሪደሩን አየሁት" አለ ፕሬበን። "በየሁለት እርምጃው ከረጢት! መንገደኛው ገና ሳይታመም 'ትታመማለህ' እየተባለ ነው። ይሄ የሽርሽር መርከብ ነው ወይስ ሆስፒታል?"

"እስቲ መጀመሪያ ሁስታድቪካን እንለፍ፤ ከዚያ ትጠይቀኛለህ" አለች ኦድኒ። ሁስታድቪካ አንድም ደሴት የማይከልለው ገላጣ ባሕር ነው። የዚያን ዕለት ትንበያው አምስት ሜትር ማዕበል ነበር።

"ነገሩ የሐሳብ ነው። ስሙን ካልጠራነው አይመጣም" አለ ፕሬበን እየሳቀ። "እሺ፣ ይኸው እናንተን ልጠይቅ። ከመካከላችሁ ባሕር ይዞት የሚያውቅ ማነው? እጁን ያውጣ።"

አንድም እጅ አልወጣም። ወጥ ቤት ኃላፊው ሌይዱልፍ ጣሪያውን አየ። ካፒቴኑ ሲኒው ውስጥ የሆነ ነገር የጠፋበት ይመስል አፍጥጦ ቀረ። እኔ ጫማዬን አየሁ። የኦድኒ እጅ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ነው፤ ጣቶቿ ቀሚሷን ጨምድደዋል። ባሕር ላይ የሚሠራ ሰው በየሁለት ዓመቱ የሐኪም ወረቀት ማሳደስ አለበት። ወረቀቱ ላይ ባሕር ይይዝሃል ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ ሁላችንም አይይዘኝም ብለን እንፈርማለን። ኦድኒ ያንን ውሸት አሥራ አምስት ጊዜ ፈርማለች። እጇን ብታወጣ ከመርከቡ ልትወርድ ትችላለች።

"አያችሁ?" አለ ፕሬበን። "አንድም ሰው የለም! ከረጢቱ ይነሳ። ጨርቁም አይርጠብ፤ ያስጠላል። እራት በሰዓቱ ይቀርባል፤ የጋበዝናቸው የጉዞ ወኪሎች አሉ።"

ከረጢቶቹን ከየመደገፊያው ስንነቅል ኦድኒ አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም።

"አስለ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "አንተ አፍህን በምን ሰፍተኸው ነው?"

"አንቺስ?"

"እኔማ ፈሪ ነኝ፤ ፈሪ መሆኔንም አውቃለሁ። አንተ ግን ጨዋ እየመሰልክ ነው የምትፈራው።"

የነቀልኳቸውን ከረጢቶች ሳጥን ውስጥ መክተቴን ቀጠልኩ።

እራት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀረበ። የዓሣ ሾርባውን አድለን ሳንጨርስ መርከቡ አፍንጫውን ወደ ላይ ሰቀለ፤ ጥቂት ቆየና ቁልቁል ተወረወረ። በደረቁ ጨርቅ ላይ ሳህኖቹ በረቱ እንደተከፈተለት ከብት ተግተልትለው ሄዱ። ከጉዞ ወኪሎቹ አንዱ ሾርባው ጭኑ ላይ ተደፍቶበት ይጮሃል። ፕሬበን መሃል ላይ ቆሞ "ትንሽ እንቅስቃሴ ነው፤ ትንሽ እንቅስቃሴ ነው" ይላል።

መስኮቱ አጠገብ ወይዘሮ ቫልቦርግ ተቀምጠው ነበር። ከመሃል አገር የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ናፕኪኑን አፋቸው ላይ ጭነው ተነሱ። ተከትያቸው መሄድ ነበረብኝ፤ ሁለቱም እጆቼ ሳህን ይዘዋል። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ቀን ላይ ያዩትን ከረጢት ፍለጋ የመደገፊያውን ጀርባ ዳበሱ። ምንም የለም። አፋቸውን በሁለት እጃቸው ሊይዙ መደገፊያውን ለቀቁ፤ በዚያችው ቅጽበት መርከቡ ወደ ጎን ተጋደመ። ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ደረጃ ተንከባለው ሲወድቁ የተሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ቀድማ የደረሰችው ኦድኒ ናት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ሰው ፊት ማስታወክ አፍሬ እኮ ነው" አሉ ወይዘሮ ቫልቦርግ እያለቀሱ። "ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ምንጣፉን አበላሸሁት።"

"የምንጣፉ ነገር ገደል ይግባ!" አለች ኦድኒ። "ማፈርስ እኛ እንፈር። እግርዎን አያንቀሳቅሱ።"

የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ክሪስቲያንሱንድ ወደብ ስንደርስ አምቡላንስ ወሰዳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ትሮንድሄይም ላይ አንዲት ሴት ከዋናው ቢሮ ልትመረምር መጣች። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ወንበር አስቀመጠችን።

"ከጉዞው በፊት ሠራተኛውን ጠይቄያለሁ" አለ ፕሬበን። "ባሕር ይዞኝ ያውቃል ያለ አንድም ሰው የለም። ስለዚህ ከረጢቱ አስፈላጊ አልነበረም። መንገደኛዋ ራሳቸው መደገፊያውን ለቀዋል።"

"እንዲህ ነው የሆነው?" አለች ሴትዮዋ።

ኦድኒ ብድግ አለች። እጅ ማውጣት አላስፈለጋትም።

"ዋሽተናል" አለች። "እኔን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባሕር ሲይዘኝ ኖሯል። ትናንትም ይዞኛል። ብናገር ኖሮ ከረጢቱ አይነሳም ነበር፤ ሴትዮዋም በእግራቸው ይሄዱ ነበር።"

ከዚያ ዞራ አየችን፤ አንድ በአንድ። እየጠበቀች ነበር። ሌይዱልፍ ጉሮሮውን ጠረገ። ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ። እኔ "እኔም" የምትለዋን ቃል አፌ ውስጥ አገላበጥኳትና ዋጥኳት። በሕይወቴ ስንት ነገር ውጫለሁ፤ እንደዚያች የመረረኝ ግን የለም።

በማግስቱ ቡዶ ወደብ ስንደርስ ከዋናው ቢሮ የመጣ ወረቀት ጠበቃት። ለጤናዋ ሲባል ከመርከብ ወርዳ እዚያው ከተማ በድርጅቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች ይላል። የቀረው የካፒቴኑ ፊርማ ብቻ ነው። ኦድኒ ሻንጣዋን ይዛ ወደቡ ላይ ቆማለች፤ ካፒቴኑ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ወረደ። ፕሬበን ከኋላው ነው። እኔ ከመርከቡ ወደ ወደቡ በሚያወርደው መሸጋገሪያ ድልድይ ላይ ቆሜያለሁ። መንገደኞቹ ከላይ የመርከቡን የብረት አጥር ተደግፈው ያያሉ።

"ለጤናሽ ነው እኮ ኦድኒ" አለ ካፒቴኑ ዓይኗን ሳያይ።

"ለጤናዬ?" ድምፅዋ ወደቡን አናወጠው። "ሌይዱልፍ ድንች ጆንያ መሃል ባልዲ አቅፎ ሲያቃስት የማን ጤና ነው? አስለ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ሲደፋ ጀርባውን ያሸሁት እኔ አይደለሁም? አዎ አንተ፣ አትደበቅ! አንተስ አርንፊን? ከመሪው ክፍል በስተግራ ባለችው ሽንት ቤት ውስጥ ቧንቧ ከፍተህ የምትጮኸው ቀረርቶ ነው እንዴ?"

ከላይ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። የካፒቴኑ ጆሮ እንደ ፍም ቀላ።

"በስተቀኝ ናት" አለ ቀስ ብሎ።

"ምኗ?"

"ሽንት ቤቷ። በስተቀኝ ናት።"

እኔም ይህን ጊዜ ድልድዩን ወርጄ "እኔንም ይይዘኛል" አልኩ።

"ትናንት ነበር!" ብላ ጮኸችብኝ። "አሁንማ እኔ ነገርኩልህ!"

ካፒቴኑ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ፕሬበን "ካፒቴን፣ ቢሮው ያዘዘውን..." ሲል አላስጨረሰውም።

"ከመርከቤ ማን እንደሚወርድ የምፈርመው እኔ ነኝ። ለቢሮው ራሴ እጽፋለሁ፤ ሽንት ቤቷንም ጨምሬ። አንተ ሂድና እራቱን ከፊታችን ያለውን ገላጣ የባሕር ወሽመጥ ከተሻገርን በኋላ አድርገው።"

ኦድኒ አላመሰገነችም። "ሃያ አልጋ ሳይነጠፍ አስረፈዳችሁኝ" ብላ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ተመልሳ መርከቡ ላይ ወጣች።

የጉዟችን መጨረሻ እስከሆነው ሺርኬኔስ ወደብ አላናገረችኝም፤ ሦስት ቀን ሙሉ። ከቢሮው የመጣው መልስ ትቆይ የሚል ነበር። ፕሬበን ሌላ መርከብ ላይ ተመደበ፤ እዚያም ደንብ እያወጣ ይሆናል። ወይዘሮ ቫልቦርግ ዛሬም ያለ ምርኩዝ አይራመዱም፤ ኦድኒ በየእሑዱ ትደውልላቸዋለች። አንድ እሑድ ስልኩን ዘግታ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን።

"ጥፋቱ የማን ነበር ብለው ጠየቁኝ" አለች።

"ምን አልሻቸው?"

"እጃችንን ያላወጣን የአሥራ ስምንታችን ነው አልኳቸው" አለችና አልጋ ልታነጥፍ ሄደች።