ተከራያችን

ልጅ ሳለሁ ውሸታም ነበርኩ። ያውም እንደ እኩዮቼ የትንሽ ነገር ውሸት አይደለም፣ ሙሉ ሰው የሚደብቅ ውሸት። ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር አጠገብ፣ በጭቃ ቤታችን አብሮን የሚኖረው ሽማግሌ የአባቴ አባት ነበር፤ በወጣትነቱ ከየመን ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቅ ከፍቶ፣ እዚሁ ወልዶ የቀረ ሰው። «ጂዲ» እለው ነበር፣ በአረብኛ አያቴ ማለት ነው። አንቱታ አይወድም፤ «አንቱ ሲሉኝ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኛል» ይላል። ትምህርት ቤት ግን «አንቺ አረብ፣ አገርሽ ግቢ!» መባል ሲሰለቸኝ፣ ለጓደኛዬ ለሰብለ «የምን አረብ ነው? ሰውዬው እኮ ተከራያችን ነው» አልኳት። አመነችኝ።

ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ሻሂው ፍም ላይ ቅርንፉድ ቅርንፉድ እየሸተተ፣ ፋኖሱ ጋዜጣ የተለጠፈበትን ግድግዳ እያበራ፣ ጂዲ በአረብኛ ተረት ያወራልኝ ነበር፤ ያኔ አረብኛው እንደ አማርኛው ይገባኝ ነበር። በአማርኛ ንገረኝ ስለው «የባሕር ተረት እንደ ዓሣ ነው፣ ከባሕሩ ወጥቶ በአማርኛ ይሸታል!» ብሎ ይስቅብኛል። አንድ ሕግ ነበረው። ትንሽ አውርቶ ያቆማል፤ እኔ «ናዓም» ማለት አለብኝ፣ አዎ፣ እየሰማሁ ነው ለማለት። ካላልኩ ተኝታለች ብሎ ብርድ ልብስ ያለብሰኛል፣ ተረቱም እዚያው ላይ ይቀራል።

አንድ ምሽት አዲስ ተረት ጀመረልኝ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ተሰብሮበት ማንም የማያውቀው አገር ይወጣል፤ ልብሱ ውኃ እያንጠባጠበ መጀመሪያ ያገኘውን ቤት ያንኳኳል። ከውስጥ አንዲት ሴት «ማነው?» ትላለች። ተረቱ እዚህ ላይ ሲደርስ የእኛም በር ተንኳኳ። ሰብለ! ደብተሯን ታቅፋ «ሻማ አልቆብን ነው፣ እዚህ ላጥና?» አለች። ክው አልኩ።

ጂዲ ደስ ብሎት ቦታ ለቀቀላት፣ ሻሂ ቀዳላት፣ ከዚያም ካቆመበት በአረብኛ ቀጠለ። ሴትየዋ «ማነው?» ብላ ደገመች። አቆመና አየኝ።

ናዓም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል! ግን ከአፌ ከወጣች ነገ ክፍሉ በሙሉ ይሰማል፤ ተከራይ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ እኔም አረብ እንደሆንኩ። ካላልኩ ደግሞ ሴትየዋ በሩን ትክፈትለት አትክፈትለት ሳላውቅ ልቀር ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው መተንፈስ ጀመርኩ።

«ናዓም?» አለ ጂዲ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ናዓም?»

ፍሙ ሲንጣጣ ይሰማኛል። ሰብለ ድንገት «አባባ፣ እርስዎ ተከራይ ነዎት አይደል? እሷ ነግራኛለች» አለች።

ወይ ጉድ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጂዲ የሻሂ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ «አዎ፣ ልጄ። ተከራይ ነኝ» አለና ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳበልኝ። እጁ ቅርንፉድ ይሸት ነበር።

ጠዋት ምንም አላለኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን በአረብኛ አናግሮኝ አያውቅም። እውነቱን ልናገር፣ እኔም እፎይ ብዬ ነበር። አረብ የሚለኝ ጠፋ፣ አማርኛዬም ከማንም አያንስም። ጂዲ የሞተው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እንባዬ እየወረደ በቋንቋው የምሰናበትበት ቃል ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ለዚያ ዓሣ አጥማጅ በሩ ተከፍቶለት እንደሆነም ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ዘንድሮ የጂዲ የወንድሙ ልጅ ጦርነት አፈናቅሎት ከየመን መጣና ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ዘንድ አረፈ። ሸምግሏል፤ አማርኛ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሻማ አበራን፤ ልጄን አጠገቡ አስቀምጦ ማውራት ጀመረ። ምንም አልገባኝም። «ባሕር» ሲል ብቻ ሰማሁ፤ ያቺን ቃል በአማርኛም አውቃታለሁ። ቀጥሎ በጣቱ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ አንኳኳ። የዓሣ አጥማጁ ተረት!

ሽማግሌው አቆመና አየን።

«እማዬ፣ ምን አለ?» አለችኝ ልጄ።

«አላውቅም» አልኳት። «ዝም ብለሽ ናዓም በዪ። ካላልን ያቆማል።»