ቀድሜ የተሻገርኩት ወንዝ

ባለፈው ሳምንት ምሳ እየበላን አንድ አዲስ የተቀጠረ ወጣት መሐንዲስ፣ «ከሁሉም ሥራ ድልድይን እንዴት መረጡ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሒሳብ እወድ ስለነበር ነው» አልኩት። ሒሳብስ እወድ ነበር፤ እውነቱ ግን እሱ አይደለም። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ለአንድ ዓመት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተመድቤ ከነቀምት ወደ አሶሳ ሄድኩ። የደረሰኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ከወንዝ ማዶ ያለ የበርታ መንደር ነበር፤ ሥራዬም ጎልማሶችን ፊደል ማስቆጠር። እውነቱን ለመናገር ከማስተማሬ መብላቴ ይበልጥ ነበር። ቤቷ ያሳረፈችኝ ሃዋ የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ አቅርባ፣ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛዋ፣ «ብዪ እንጂ! ከስተሽ ብትሄጂ እናትሽ እኔን ይሰድበኛል» ትለኛለች። በማንጎ ወራትማ ከየዛፉ ሥር የወደቀው ፍሬ ሽታ መንደሩን ያውደው ነበር። ልጇ ዘይነብ እኩያዬ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መጥታ ስለነበር አብረን ነበር የምንተኛው። ጽንሱ ሲራገጥ እጄን ስባ ሆዷ ላይ ታደርገውና እንስቃለን።

ክረምቱ ሲበረታ ወንዙ የቀርከሃውን ድልድይ ጠራርጎ ወሰደው። በዚያው ሰሞን ወባ ሁለታችንንም ጣለን። ሐኪም ያለው ከወንዙ ወዲያ ነው። የመንደሩ ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው መጡ፤ ግን ውሃው ደረት ደርሷል፣ ገና እየሞላም ነው። ማሻገር የሚችሉት አንዳችንን ብቻ ነበር። ሃዋ በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገረቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ሂጂ። አንቺ እንግዳ ነው፣ አማና ነው።»

አደራ ማለቷ ነበር።

«ዘይነብስ?»

«ዘይነብ የኔ ነው። ለሱ አላህ ያውቃል።»

«የለም፣ እሷ ትቅደም» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። መሞት ፈርቼ ነበር፤ ቃሬዛው ላይ ሲያስተኙኝ ደስ አለኝ።

ጎረምሶቹ ሳይመለሱ ወንዙ መንገዱን ዘጋ። እኔ ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ሳገግም ዘይነብ እዚያው በትኩሳት ስትነድ ሰነበተች። እሷ ተረፈች፤ ጽንሱ ግን ሞተ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ አባቴ ሕክምና እንዳጠና ለመነኝ። እኔ ግን ከድልድይ ሌላ ነገር አልታይ አለኝ። ያም ሆኖ ብዙ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርቼ የዚያኛው ወንዝ ተራ እስኪደርስ ፀጉሬ ሸበተ። ሥራው ያለቀ ዕለት ዘይነብ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ በኋላ ልጅ እንዳልወለደች የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«አንቺ ስለዳነ እኮ ነው ድልድይ የመጣው» አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ።

ከልቧ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ልውጠው አልቻልኩም። እንዲህ ያለውን ነገር ለዚያ ወጣት ከየት ጀምሬ ልንገረው? ያ ዓመት ሙያ ሰጠኝ፣ ስም ሰጠኝ፣ እንጀራዬም ከእሱ ነው። ዘይነብ በየበዓሉ እየደወለች «ጤናሽ እንዴት ነው?» ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።